ሲዲና ዲቪዲ በቢሮ ሽሬደር ያለ አደጋ ማስወገድ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቢሮዎች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ የአንድ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ሲከፈት ሲዲ አይጠፋበትም። የሕመምተኛ የሲቲ ስካን ምስል አለ፤ ለፍርድ ቤት በማስረጃነት የቀረበ ቪዲዮ አለ፤ የድሮ ደመወዝ መክፈያ የተገለበጠበት ዲስክ አለ፤ ፎቶ ቤቶች ጋ ደግሞ ባለቤቱ ያልወሰደው የሠርግ ዲቪዲ ተደርድሮ ይገኛል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ዲስኩን እንደ ሞተ ዕቃ ይቆጥረዋል። ማንበቢያው ግን ዛሬም ጥቂት ብር ይዞ ገበያ ለወጣ ሰው ሁሉ ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሰባቸው ጊዜ ከየቢሮው የወጣውን ኮምፒውተርና ሰነድ ያየ ሰው፣ ጊዜው ያለፈበትን የሰው መረጃ በመሳቢያ አከማችቶ ማቆየት ምን እንደሚያመጣ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሲዲ የሚቆርጥ የቢሮ ሽሬደር (ወረቀት የሚቆራርጥ ማሽን) ላላቸው ነው። ማሽን የሌለው ሰው የሚሠራበትን መንገድም ወደ መጨረሻው አነሳለሁ።

መጀመሪያ፦ ይህ ዲስክ መጥፋት አለበት ወይ?

የተቆረጠ ዲስክ አይመለስም። ስለዚህ ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ዲስኮቹ አንድ በአንድ ይታዩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ በራሳችሁ ውሳኔ መዝገብ ማጥፋት አትችሉም፤ የመንግሥት መዛግብት አወጋገድ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፈቃድ ይጠይቃል። ዲስክ ላይ ያለ መዝገብም መዝገብ ነው። የግል ድርጅት ከሆናችሁ ደግሞ ሂሳብ ነክ ሰነድ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለዓመታት እንዲቆይ ይገደዳል፤ የሂሳብ ሠራተኛው ሳያየው ምንም አይቆረጥ። በተቃራኒው የደንበኛን ወይም የታካሚን መረጃ ያለ ምክንያት ይዞ መቆየትም ነጻ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፤ ዲስክን ሳይቆርጡ ቆሻሻ ውስጥ መወርወር ጥበቃ አይባልም።

ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ ለማየት ኮምፒውተር ውስጥ የምታስገቡ ከሆነ በመጀመሪያ ወደ ብርሃን ያዙትና ከመሀል ቀዳዳው ጀምሮ ስንጥቅ እንዳለው እዩ። ስንጥቅ ያለው ዲስክ ማንበቢያው ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪው ማንበቢያውን ያበላሻል፣ አንዳንዴም በበሩ በኩል ይወጣል። የተሰነጠቀ ከሆነ ጽሑፉንና መዝገቡን አይታችሁ ወስኑ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አታስገቡት።

ማሽኑ የሚበላውና የማይበላው

ከሽሬደሩ ራስ ላይ ወይም ከመመሪያው ላይ ያለውን ምልክት እዩ። ብዙዎቹ የቢሮ ሽሬደሮች ለወረቀት አንድ፣ ለሲዲና ለካርድ ደግሞ ሌላ ጠባብ አፍ አላቸው። የዲስክ ሥዕል ከሌለበት ማሽኑ ለወረቀት ብቻ ነው፤ «ትንሽ ብንሞክረው» የሚባል ነገር የለም። ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ለወረቀት የተሠራ ስለት ላይ ጥርስ ይሰብራል።

በዲስኩ አፍ የሚገባው ሲዲ፣ ዲቪዲ፣ ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ነው። ከመግባቱ በፊት ከላስቲኩ፣ ከወረቀት ኤንቨሎፑና ከፕላስቲክ ሣጥኑ ይውጣ። ላዩ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የወረቀት ስም ካለም ተላጦ ይነሳ፤ ማጣበቂያው ስለቱ ላይ እየተከማቸ ማሽኑን ያዘገየዋል።

የሚከተሉት ግን ፈጽሞ አይገቡም፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ሃርድ ዲስክ ብረት ነው፤ የአንዳንድ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጡ ያለው ሳህን ደግሞ መስታወት ነው። ለእሱ የተሠራ የፋብሪካ ማሽን አለ፤ የቢሮው ሽሬደር አይችለውም። ፍላሽም አይገባም፤ የብረት አፉ ስለቱን ይሰብራል፤ ማሽኑ ቢቆርጠው እንኳ መረጃው ያለበት ትንሿ ጥቁር ቺፕ በሁለቱ ስለቶች መሀል ሳትነካ ልታልፍ ትችላለች። የድምፅ ካሴትና የቪዲዮ ካሴት ቴፕ እንደ ክር ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ ያንን ለመፍታት ማሽኑን መበተን ይጠይቃል። ባትሪ ያለበት ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቆረጥ ውስጡ እርስ በርስ ይገናኝና እሳት ይነሳል፤ ከስሩ ያለው ቅርጫት ደግሞ በወረቀት የተሞላ ነው። የድሮ ስልክ፣ ሽቦ አልባ ማውስ፣ የመኪና ሪሞት ከዚህ ይቆጠራሉ።

ቦታውና መብራቱ

ሽሬደሩ ሰው ከማይተላለፍበት ጥግ፣ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይቀመጥ። ጀርባው ግድግዳ ላይ አይጣበቅ፤ ሞተሩ አየር ይፈልጋል። ወደ ማሽኑ የሚሄደው ሶኬት ሰው ከተቀመጠበት በእጅ የሚደረስ ይሁን፤ ከከባድ ቁም ሣጥን ኋላ የተደበቀ ሶኬት በችግር ጊዜ አይጠቅምም። በቀጥታ ከግድግዳ ላይ ይሰካ። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና የሻይ ማፍያ የተሰካበት ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ሽሬደር መጨመር ገመዱን ያግላል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን) ላይ አትሰኩት። የሽሬደር ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ መብራት ይስባል፤ ዩፒኤሱ ይጮኻል ወይም ይዘጋል፤ በዚያው ቅጽበት ሳይቀመጥ የቀረ ሥራ ያላት የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተርም አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መብራት ሲቆራረጥ የሽሬደር አደጋ ከሁሉ ይከፋል። ዲስኩ ግማሹ ገብቶ መብራት ይሄዳል። ሠራተኛው ዲስኩን ይዞ ይጎትታል፣ አልወጣ ይለዋል፣ ጣቱን ወደ አፉ ያስጠጋል። ማሽኑ አሁንም «አውቶ» ላይ ነው፣ ማለትም አፉ ውስጥ ዕቃ ሲገባ በራሱ ይነሳል፤ በአፉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ዳሳሽ ደግሞ ዲስኩን እያየች ነው። መብራቱ ሲመጣ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ማብሪያውን ማጥፋት፣ ሁለተኛው ፕላጉን ከግድግዳ መንቀል ነው። ዲስኩ እዚያው ይቆይ። መብራት ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከተረጋጋ በኋላ ይሰካ። ጄኔሬተር ሲነሳና ሲጠፋ ባለው ጊዜም እንዲሁ ነው፤ የጄኔሬተሩ ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል ሞተሩ ያቃስታል፣ ይሞቃል። ቢቻል ይህን ሥራ የከተማው መብራት ላለበት ሰዓት አቆዩት፤ ዲስክ መቁረጥ ነገ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

አለባበስ

ደሴ ላይ ብርድ አለ፤ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ነጠላ ወይም ጋቢ ደርቦ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ጋቢ ትከሻ ላይ ሆኖ ሽሬደር ላይ መጎንበስ ግን አደገኛ ነው። የነጠላው ጥለት ጫፍ ከጠባቡ አፍ ጋር እኩል ቀጭን ነው፤ ዳሳሹ ለጨርቅና ለወረቀት ልዩነት የለውም፤ ሁለቱንም ይስባል። የሚወርድ ሻሽ፣ የሒጃብ ጫፍ፣ ከረቫት፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ የመታወቂያ ገመድ፣ የአንገት ሐብል፣ የተለቀቀ ሹሩባ ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ነጠላው ይውለቅ ወይም ከኋላ ይታሰር፤ መታወቂያው ኪስ ይግባ፤ ፀጉር ይጠቅለል፤ የሸሚዝ እጅጌ ይቆለፍ።

መከላከያ መነጽር ከማንኛውም የብየዳ ቤት ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ግልጽ የሆነውን ግዙ። ዲስክ እንደ ወረቀት ለስላሳ ሆኖ አይገባም፤ ሲቆረጥ ይጮኻል፣ አንዳንዴ ጠርዙ ይፈናጠርና ወደ ላይ ይመለሳል። ፊታችሁን አፉ ላይ አታድርጉ፤ ከጎን ቁሙ። ብዙ ዲስክ የምትቆርጡ ከሆነ ማስክ አድርጉ፤ ከሲዲው ላይ የሚላጠው ብርማ ሽፋን በጣም ቀጭን ብረት ነው፤ እየረገፈ እጅጌና ጠረጴዛ ላይ ያብረቀርቃል፣ ከአየሩ ጋርም ወደ አፍንጫ ይገባል። ጓንት ቅርጫት ስታራግፉ ብቻ ይለበስ። ማሽኑ ሲሠራ ግን አውልቁት፤ የላላ የጓንት ጫፍ ከጣት ቀድሞ ይያዛል፣ ጣቱንም ይዞ ይሄዳል።

ልጅ ቢሮ ውስጥ ካለ ሥራው አይጀመር። የትምህርት ሰዓት ሲያልቅ እናቱ ቢሮ መጥቶ የሚጠብቅ ሕፃን በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ የሕፃን ጣት አዋቂ ጣት በማይገባበት ቀዳዳ ይገባል።

መቁረጥ

ቅርጫቱን ወይም የዲስክ መሳቢያውን አውጡና ባዶ መሆኑን እዩ። ማሽኑ ሁለት ቅርጫት ካለው የዲስኩ ለብቻ ነው፤ አንድ ብቻ ካለው ወረቀቱን አስቀድማችሁ አራግፉ፤ ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ለሚያስወግድ ሰው ያስቸግራሉ።

ሰኩ፣ ማብሪያውን «አውቶ» ላይ አድርጉ። ዲስኩን በጠርዙ በሁለት ጣት ያዙ፤ ጣታችሁ መሀል ቀዳዳው ውስጥ በፍጹም አይግባ። ቀዳዳው 15 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ አመልካች ጣት በልኩ ይገባበታል፤ ስለቱ ዲስኩን ሲነክስ የሚስበው በአንድ ጊዜ ነው። ዲስኩ ቀጥ ብሎ በአፉ መካከል ይግባ። ስለቱ እንደያዘው ልቀቁት። አትግፉት፤ ማሽኑ የራሱ ፍጥነት አለው። አንድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ድምፁ እስኪቀንስ ጠብቁ፤ ከዚያ ሁለተኛው። ሁለት ዲስክ ደርቦ ማስገባት ሰዓት አይቆጥብም፤ ማሽኑን ያስቆማል።

ትንንሾቹ ማሽኖች ያለማቋረጥ የሚሠሩት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ ረዘም ያለ ዕረፍት ይፈልጋሉ። መጠኑ ከታች ወይም ከጀርባ ተለጥፎ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሥራው ደቂቃ በአንድ አሃዝ፣ ዕረፍቱ በሁለት አሃዝ ነው። ሲሞቅ ቀይ መብራት ያሳይና በራሱ ይቆማል። ተበላሸ ብሎ መምታት ወይም ደጋግሞ ማብራት አያስፈልግም፤ አጥፍታችሁ ተዉት። የተከማቸ ዲስክ ብዙ ከሆነ ለየቀኑ ጥቂት ጥቂት መድቡለት።

የሰው ጣት ከተያዘ በመጀመሪያ ፕላጉ ይነቀል። እጁን አትጎትቱ። በቀስታ የሚለቅ ካልሆነ ማሽኑ ከነሰውየው ሳይነካ ባለሙያ ይጠራ፤ የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። ዓይን ውስጥ ስባሪ ከገባ ዓይኑን አትሹ። በላዩ ያለ ብናኝ ከሆነ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ የተሰካ ነገር ከታየ ግን በእጅ አይነቀል፣ ሳይጫኑ በንጹሕ ነገር ሸፍኖ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። በደሴ ዙሪያ ለዓይን ሕክምና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይታወቃል።

ሲነክስ

ዲስክ መሀል ላይ ሲቆም፦

1. «ሪቨርስ» የሚለውን ተጭናችሁ ወደ ኋላ እንዲመልሰው አድርጉ። አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት፤ ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ አትሞክሩ።
2. እንቢ ካለ አጥፉ፣ ፕላጉን ንቀሉ፣ የፕላጉን ጫፍ በዓይናችሁ በምታዩት ቦታ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት። ሌላ ሰው መጥቶ «ማን ነቀለው?» ብሎ እንዳይሰካ ነው።
3. በረዥም ፒንሳ የዲስኩን ጠርዝ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዛችሁ አውጡ። ቢላዋ፣ መቀስ ወይም ጣት አይግባ። ስለቱ ማሽኑ ጠፍቶም ስለት ነው።
4. የወጣውን ስባሪ መልሳችሁ አታስገቡ። አጭር ስባሪ አግድም ይወድቅና እንደገና ይነክሳል። ለመቀስ ተዉት።

ዘይትና ጽዳት

እዚህ ላይ በጣም አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ፦ በጣሳ የሚረጭ ማንኛውም ዘይትና አየር ሽሬደር ላይ አይነፋ። መኪና ጥገና ቤት ያለው ዝገት ማላቀቂያ፣ ኮምፒውተር ማራገፊያ ተብሎ የሚሸጠው የታመቀ አየር፣ ሽቶውም ቢሆን፣ ብዙዎቹ የሚገፋቸው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ጋዙ ማሽኑ ውስጥ ይታጎራል፤ ማብሪያው ሲነካ ሞተሩ ብልጭታ ያወጣል፤ ውጤቱ የእሳት ነበልባል ነው። በዚህ መንገድ የተቃጠሉ ሰዎች ስላሉ ነው አምራቾቹ በማሽኑ ላይ ሥዕሉን የሚለጥፉት።

ዘይት ያስፈልገዋል፤ የሽሬደር ዘይት የሚባለውን በወረቀት ላይ በቀጭኑ አፍስሳችሁ ወረቀቱን በወረቀቱ አፍ አሳልፉት። ዘይቱ ከከተማችን ገበያ ከጠፋ ከአዲስ አበባ አብሮ ማስመጣት ነው። ጽዳት ሲደረግ ማሽኑ ይነቀል፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ እርጥብ ጨርቅ ስለቱ ላይ አይነካ።

ምን ያህል ሲደቅ ነው የሚበቃው?

ብዙ ሰው ዲስኩ ሁለት ቦታ ከተሰበረ ጉዳዩ አለቀ ይላል። ለተራ ሌባ አዎ፤ የተቆረጠ ዲስክ በተለመደ ማንበቢያ አይነበብም። ነገር ግን በሲዲ ላይ መረጃው የተጻፈበት መስመር እርስ በርሱ የሚራራቀው በ1.6 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ600 በላይ መስመር አለ። በዲቪዲ ላይ ርቀቱ 0.74 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው።

ዓለም አቀፉ መስፈርት አይኤስኦ 21964 ለዲስክ ከኦ-1 እስከ ኦ-7 ድረስ ደረጃ ያወጣል። ኦ-1 ማለት ትልቁ ቁራጭ ከ2,000 ካሬ ሚሊ ሜትር አይበልጥ ማለት ነው፤ ኦ-3 160፣ ኦ-4 30 ካሬ ሚሊ ሜትር። እስቲ ራሳችሁ አስሉት፦ የአንድ ሲዲ ስፋት 11,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማሽናችሁ በአራት የሚቆርጠው ከሆነ አንዱ ቁራጭ በአማካይ ከ2,700 በላይ ነው፤ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደረጃ እንኳ አያሟላም። ለፎቶ ቤት ወይም ለትንሽ ሱቅ ይሄ ይበቃል ባይ ነኝ። የሕመምተኛ መረጃ ወይም የፍርድ ቤት ማስረጃ ከሆነ ግን አይበቃም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሲዲ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ጽሑፍ ያለበትን የላይኛውን ፊት በሚስማር ወይም በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት እስከሚላጥ ፋቁት። ብዙ ሰው የሚያብረቀርቀውን የታችኛውን ፊት ይቧጭራል፤ እሱ ወፍራም ፕላስቲክ ስለሆነ ቢቧጨር ይወለወላል፣ ይነበባልም። መረጃው ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ነው። ዲቪዲ ግን በሁለት ስስ ዲስኮች መሀል የታሸገ ስለሆነ መፋቅ አይደርስበትም፤ ከሽሬደሩ የወጣውን ቁራጭ በመቀስ እንደገና ማሳጠር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቁራጩንና መቀሱን ግልጽ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ከላስቲኩ ውስጥ ቁረጡ፤ ስብርባሪው አይበተንም።

ማሽን የሌላችሁም በዚሁ መንገድ ሥሩ፤ መነጽር አድርጎ፣ ዲስኩን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በጠንካራ መቀስ። በባዶ እጅ አጥፎ መስበር አይሞከር፤ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሳለ ጠርዝ ይዞ ወደ ፊት ይወረወራል። ማግኔት ሲዲንም ፍላሽንም አያጠፋም፤ ጊዜ አታባክኑ። ፍላሽ ሲሆን ሽፋኑን ፈልፍላችሁ ጥቁሯን ቺፕ ራሷን በመዶሻ አድቅቁ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ ሙሉውን በሌላ መረጃ የሚሸፍን ፕሮግራም ይሂድበት፤ ፎርማት ብቻ ማድረግ አያጠፋውም።

ቁራጩና ወረቀቱ

የተቆረጠው ፕላስቲክ አይቃጠል። ከጽዳት በኋላ በጓሮ እሳት መለኮስ የለመደ ግቢ ብዙ ነው፤ ፖሊካርቦኔት ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው። ቦርከና ዳርም አይጣል፤ ከደሴ የተጣለው ወርዶ ኮምቦልቻ ነው የሚደርሰው። በጠንካራ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ ከላዩ «ስለታም ፕላስቲክ» ተብሎ ይጻፍ። ከረጢቱን የምታነሳው የጽዳት ሠራተኛ ናትና አስቀድማችሁ «እትዬ፣ ይሄን በእጅዎ አይጫኑት፣ ይቆርጣል» በሏት። ቆራሌው የሚፈልገው ሳይቆረጥ የቀረውን የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ እሱን ለብቻ ስጡት፤ ከመስጠታችሁ በፊት ግን እያንዳንዱን ከፍታችሁ እዩ፤ ውስጡ የተረሳ ዲስክ አይጠፋም።

በመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቀኑ፣ የዲስኮቹ ብዛት፣ በላያቸው የተጻፈው ርዕስ፣ ማን እንደፈቀደ፣ ማን እንደቆረጠ፣ ማን ቆሞ እንዳየ። ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈርም፤ አንዱ ቅጂ ንብረት ክፍል፣ አንዱ መዝገብ ቤት ይግባ። ማሽኑ ከሶኬቱ መነቀሉንም ፈራሚዎቹ አይተው ይውጡ።